ግድግዳው ላይ ያልነበረው ሰሌዳ

ሰኞ ጠዋት፣ ፌንጣ ትምህርት ቤት ከሄደች በኋላ

የኔ ልጅ፣ የኔ ዓለም፣

እንዴት ነሽልኝ? ያ ጉንፋን ለቀቀሽ? ዝንጅብል አፍልተሽ ጠጪ ብዬሽ ነበር፤ እንዳልጠጣሽ ግን ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። እኛ ደህና ነን። ይህችን "ደህና ነን" በስልክ እንደምልሽ አድርገሽ ዘለሻት እንዳታልፊ። ወንድምሽ ደህና ነው፣ እኔም ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፣ ልጅሽም ደህና ናት። አስቀድሜ የጻፍኩት ሌላውን ስታነቢ እየተመለስሽ እንድታዪው ነው።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም እንዳትይ። ስልኩ ሲጮህ ቀድማ የምትሮጠው ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ። እኔ ከተቀበልኳትም በኋላ ጆሮዋን ጆሮዬ ላይ ለጥፋ ነው የምታዳምጠው። ደግሞ አንቺንም አውቅሻለሁ፤ ግማሹን ሰምተሽ ግማሹን ሳትሰሚ ሻንጣ ነው የምትጎትቺው። ዕድሜዬን የጨረስኩት አውቶቡስ ጣቢያ ትኬት ስቆርጥ አይደል? ግማሽ ወሬ ሰምቶ የሚሳፈር ሰው ምን እንደሚመስል ከመስኮቱ ጀርባ ሆኜ ሳየው ኖሬአለሁ። መልሱን ሳይቀበል ይሄዳል፣ ሲጠሩትም አይሰማ። ስለዚህ ቁጭ በይ። ቁጭ አልሽ? እሺ።

ነገሩ በብጉንጅ ነው የጀመረው። የፌንጣ ቀኝ ዓይን ቆብ ላይ ብጉንጅ ወጣባትና አበጠ። ክሊኒክ ወሰድኳት፤ ነርሷ ቅባት ቀባችላትና፣ ይህቺ ልጅ እጇ አያርፍም ብላ ዓይኗን እንዳለ በፋሻ ሸፈነችው። ከክሊኒኩ ስንወጣ ደረጃው ጋ ስትደርስ ቀጥ አለች። "ውረጂ እንጂ፣ ሰው ይለፍበት" አልኳት። ያቺ ደረጃ እየዘለለች የምትወርድ ልጅ ግድግዳውን እየዳበሰች፣ እግሯን እየሰደደች እየፈተነች፣ ልክ እንደ እኔ ወረደች። የቀለደችብኝ መሰለኝ። እኔን መቅዳት ትወድ የለ? ቤት ገብታ ደግሞ ውሃ ልትቀዳ ብላ ብርጭቆውን ስታ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። ተቆጣኋት። ጨርቅ አምጥታ ጠረጴዛውን በእጇ እየዳበሰች ጠረገችው።

ያኔ ነው ያ ሰሌዳሽ ትዝ ያለኝ። የዓይን ሕክምና ትምህርትሽን በጀመርሽበት ዓመት ሳሎን ግድግዳ ላይ የሰቀልሽው፣ ያ የሹካ ሥዕል የሞላበት የዓይን መፈተኛ ወረቀት፤ አንዱ ሹካ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፣ አንዱ ወደ ጎን የዞረ፣ ከላይ ትልልቅ ሆኖ ወደ ታች ሲወርድ እያነሰ የሚሄድ። ያኔ ሌላ ታካሚ ከየት ይምጣልሽ? ፌንጣን ወለሉ ላይ ካሰመርሽው መስመር ላይ አቁመሽ "ሹካው ወዴት ዞረ?" ስትያት ነበር የምታመሺው። እሷም ጨዋታ አደረገችው። ግቢ ወጥታ "ላይ! ቀኝ! ታች! ታች! ግራ!" እያለች ስትዘል የጎረቤት ልጆች ሁሉ ለመዱት። ፌንጣ የሚለውን ስምም ያወጣንላት ያኔ አይደል? እንዴት እንደሳቅን ታስታውሻለሽ።

እና ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ "እስቲ የእናትሽን ሰሌዳ ባልተሸፈነው ዓይንሽ አንብቢልኝ" አልኳት። አነበበችልኝ! ከትልቁ ጀምራ እስከ መጨረሻዋ መስመር፣ አንድም ሳትስት፣ ውሃ አድርጋ። ተመስገን አልኩ። እንዲያው ለክፉ አሳብ የምቸኩል አሮጊት ነኝ ብዬ ራሴን ወቀስኩና እጄን እየጠረግሁ ወጣሁ።

መስመሯ ላይ ቆማለች፤ አገጯን ቀና አድርጋ፣ እጆቿን ወደኋላ አጣምራ፣ አንቺ እንዳስተማርሻት። ግድግዳው ላይ ያለው ግን ሰሌዳው አይደለም። ወንድምሽ ሳሎኑን ቀለም ሲቀባ አውርዶት አልጋዬ ሥር ነው ያለው። በምስማሩ ላይ ከሚሠራበት ጋራዥ ያመጣውን ካላንደር ሰቅሎበታል፣ ትልቅ የጭነት መኪና ያለበት። ልጄ እስከ ታች ድረስ ያነበበችልኝ ካላንደሩን ነው።

"ፌንጣዬ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ምንድን ነው?" አልኳት።

"የእማ ሰሌዳ ነዋ!"

"እስቲ ሂጂና ንኪው።"

ሄደች። አፍንጫዋ ሊነካው እስኪደርስ ተጠጋችና "ኧረ እማማ፣ መኪና ነው!" ብላ በሳቅ ፈነዳች። እሷ ሳቀች። እኔ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። አባትሽ በሞተ ጊዜ እንኳን በእግሬ ቆሜ ነበር።

አሁን ወደ ላይ ተመለሽና "ደህና ነን" የሚለውን አንብቢው። አነበብሽ? እንቀጥል።

ብጉንጁ እንደፈረጠ የመነጽር ሐኪሙ ዘንድ ወሰድኳት። የሙያሽ ስም እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አልዞር ብሎኛል፤ ወንድምሽ ነው "ኦፕቶሜትሪስት በይ እማዬ፣ ኦፕ ቶ ሜት ሪስት" እያለ መንገድ ለመንገድ ያስጠናኝ። በሩ ላይ ስደርስ ጠፋኝና "ያን ረጅሙን ስም ፈልጌ ነበር" አልኩ። ሲራመድ ጫማው የሚጮህ ጎረምሳ ብቅ አለና "እኔ ነኝ እናቴ፣ ይግቡ" አለኝ። ወደድኩት።

መጀመሪያ የራሱን ሰሌዳ አሳያት። በቀኝ ዓይኗ ሁሉንም ጠራችለት። ቀኙን ሲሸፍንባት ከላይኛዋ ከትልቋ በቀር ሌላው ሁሉ "የለም" ሆነ። "የለም" ነው ያለችው እኮ! አይታየኝም እንኳን አላለችም። ከዚያ መብራቱን ቀነሰ። ከበሩ በላይ አንገቱን የሚነቀንቅ የአሻንጉሊት ውሻ አለው፤ "እሱን እያየሽ፣ መነቅነቁን ሲያቆም ንገሪኝ" አላት። እሷ ውሻው ላይ አፍጥጣ እሱ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ፣ እጀታ ያላት ትንሽ መብራት ይዞ፣ ቀጭን ብርሃን ዓይኗ ላይ ወዲያ ወዲህ ያደርጋል። መስታወት ዓይኗ ፊት ይደቅናል፣ ይቀይራል፣ ሌላ ይደቅናል። አንድም ጥያቄ አልጠየቃትም። ከዚያ ብሌኗን የሚያሰፋ ጠብታ ጨመረባትና (ሰፈር እስኪሰማ ጮኸች) ደጅ አስቀምጦን ቆይቶ እንደገና ያንኑ አደረገ። የዓይኗንም ውስጥ አየ። ውስጡ ጤነኛ ነው አለኝ።

"አንተ ልጅ፣ ምንም ሳትጠይቃት እንዴት አወቅህ?" አልኩት።

"ሰሌዳው የሚጠይቀው ልጅቷን ነው፣ እናቴ" አለኝ። "ይሄ መብራት ደግሞ ዓይኗን ነው የሚጠይቀው። ዓይን አይሸመድድም።"

እንደገባኝ ልንገርሽ፤ ከተሳሳትኩ አንቺ ታርሚኛለሽ። ግራ ዓይኗ አልታመመም። ሲፈጠር ጀምሮ ከባድ መስታወት የሚፈልግ ዓይን ነው። ቀኙ ጎበዝ ስለሆነ ጭንቅላቷ ሥራውን ሁሉ ለቀኙ ሰጥቶ ግራውን ሥራ አስፈታው። ከውጭ ሲያዩት ሁለቱም አንድ ናቸው፣ አይንሸዋረርም፣ አይቀላም። መነጽር ታደርጋለች፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደግሞ ቀኙ በልጥፍ ይሸፈናል፣ ግራው ወዶ ሳይሆን በግዱ እንዲሠራ። "ይመለሳል ወይ?" አልኩት። "ዕድሜዋ ገና ነው፤ አሁን ከሠራንበት ጥሩ ተስፋ አለው። ምን ያህል እንደሚመለስ ግን ዛሬ ቃል አልገባልዎትም" አለኝ። እንዲህ ማለቱን ወደድኩለት። ዝም ብሎ አይዞዎት ቢለኝ ኖሮ ሌላ ሐኪም ፍለጋ እሄድ ነበር።

ከዚያ አፌ አላርፍ አለኝና "እናቷ እኮ ይህንኑ ነው የምትማረው፣ የመጨረሻ ዓመቷ ነው" አልኩት። ብዬ ደግሞ አፈርኩ። እሱ ግን አልሳቀም። "እና የት ደረሰች?" አለኝ። "የተግባር ፈተና ወድቃ ልትደግም ነው። የብርሃን ምናምን ነው ያለችኝ" አልኩት። ያቺን መብራት ከጠረጴዛው ላይ አነሳና "ይቺን?" አለኝ።

ልጄ፣ ያቺን ነው ለካ! "እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልጆቹ አይቀመጡልኝም፣ ከጥላ በቀር የማየው የለም፣ ልተወው ይሆን እማዬ?" እያልሽ ያለቀስሽባት መብራት ይቺ ናት። እኔ ደግሞ አንድ የማይረባ መምህር ፊት የነሳሽ መስሎኝ ስረግመው ነበር። ሰውዬውን ይቅርታ ጠይቂልኝ። እዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ያ ብርሃን በልጅሽ ዓይን ላይ ሲሄድ አይቼዋለሁ። ልጁም እንዲህ አለኝ፦ "እኔም ወድቄበታለሁ። ስትጀምር ጥላ ብቻ ነው። ከብዙ ዓይን በኋላ በድንገት ይገለጥልሃል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ አይጠፋህም። ይንገሯት።" ይኸው ነገርኩሽ።

አሁን የምታደርጊውን አውቃለሁ። አልጋሽ ላይ ቁጭ ብለሽ "የሰው ዓይን አያለሁ ብዬ የልጄን ሳላይ" እያልሽ ፊትሽን ትሸፍኛለሽ። ተይ የኔ እናት። ተይ። ያኔ በእጅሽ ሰሌዳ ብቻ ነበር፤ መብራቷን ገና አልሰጡሽም። ልጁንም ጠይቄዋለሁ፣ "በመጀመሪያ ዓመት እኔም አላገኘውም ነበር" ብሎኛል። አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ፊቷን የማጥባት፣ ጸጉሯን የማበጥርላት እኔ ነኝ፣ እኔስ መቼ አየሁ? ማንም አላጠፋም። ተናደጂ ካልሽ በካላንደሩ ተናደጂ።

ስለ ልጥፉ ልንገርሽ፣ ትንሽ ሳቂ። መጀመሪያ መከራ ነበር። ትነቅለዋለች፣ እለጥፈዋለሁ፣ ትነቅለዋለች። "ቀኙን ለምን ትቀጡታላችሁ፣ እሱ ምን አደረገ?" ትላለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ቢቸግረኝ አንዱን ልጥፍ አንስቼ በራሴ ዓይን ላይ ለጠፍኩት። "በቃ፣ አብረን ነን" አልኳትና ሻይ ልቀዳላት ተነሳሁ። ብርጭቆው ያለ መስሎኝ ጠረጴዛው ላይ ቀዳሁት! ፌንጣ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። እየሳቀችም "ቀስ በይ እማማ፣ መጀመሪያ በጣትሽ ጠርዙን ንኪው፣ ከዚያ ቅጂ" አለችኝ። ራሷ የምታደርገውን እኮ ነው የምታስተምረኝ። ያን ቀን በተቆጣኋት ጊዜ ይህን ሁሉ ብቻዋን ስትችለው እንደነበር ያኔ ገባኝ። ወደ መስኮቱ ዞሬ ነው ያለቀስኩት፣ እንዳታይ። ከዚያ ወዲህ ልጥፉ ላይ አልተጣላንም። ወንድምሽም አንድ ቀን ሞክሮ ከበሩ ጋር ተጋጨ።

መነጽሩን የመረጠችው ራሷ ናት፣ ቢጫ ነው፣ ምንም አትበይ። የግራው መስታወት ወፈር ይላል። ልጥፉንና መነጽሩን አድርጋ ትክ ብላ ታየኝ ጀመር። ይህ ዓይኗ እንዲህ ሲያየኝ የመጀመሪያው ነውና እኔም ልቤ ተነካ። "ምን ታየሽ የኔ ቆንጆ?" ብላት "ፊትሽ ላይ ብዙ መስመር አለ" አትለኝም! ይህን ለማየት ነው እንግዲህ መነጽር የገዛነው!

እስከ ዛሬ ዝም ያልኩሽ ለሁለተኛ ጊዜ እስክትታይ ብዬ ነው። ባለፈው ሳምንት ሄድን። ያ ልጅ ሰሌዳውን በየጊዜው ይቀያይረዋል፣ የፌንጣን ነገር ያውቃላ። በግራ ዓይኗ ከትልቋ መስመር አልፋ ወረደች። እስከ ታች አይደለም፤ መሃል ላይ ስትደርስ ቆመች። ግን ወረደች። "እየሠራ ነው" አለኝ ልጁ፣ ጫማው እየጮኸ እስከ በር ድረስ ሸኘን። ገና ብዙ ይቀራል፣ ልጥፉም እንደዚሁ ይቀጥላል።

እንግዲህ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። እንዳትመጪ። ሳትፈተኚ እንዳትመጪ። መጥተሽ ምን ልታደርጊላት ነው? ልጥፍ መለጠፍ እኔም አውቃለሁ፣ እቅፍ አድርጎ መተኛት እኔም አውቃለሁ። መብራቱን ግን አላውቅም። ጫማው የሚጮኸው ልጅም አንድ ብቻውን ነው፤ ደጁ ላይ የተቀመጡትን ልጆች ብታዪ፣ ወረፋው እስከ መንገዱ ነው። ከነሱ ውስጥ ስንቱ ነው እንደ ፌንጣ ካላንደሩን ሰሌዳ ነው ብሎ የሚያነበው? እጅሽ ይንቀጠቀጥ፣ ምን አለበት፣ እየተንቀጠቀጠ ይልመድ። ጣቢያ ያሉትን ልጆችም አስጠንቅቄአለሁ፤ የኔን ልጅ ከፈተናው በፊት ያሳፈረ ሹፌር ወዮለት ብያቸዋለሁ።

ጣቢያ ምን ትሠሪያለሽ እንዳትይ። ጡረታ ወጣሁ ማለት የድሮ ባልደረቦቼን ሰላም አልልም ማለት አይደለም። አርብ አርብ ከሰዓት ብቅ እላለሁ። ካንቺ በኩል የሚመጣው አውቶቡስም በዚያው ሰዓት ነው የሚገባው፤ እንዲያው ሰው ሲወርድ አያለሁ፣ ከዚያ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ለጉልበቴም ጥሩ ነው፣ ተራመጂ ብለውኛል። የአልጋሽን አንሶላ ቀይሬዋለሁ፣ አቧራ ስለያዘው ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

ፌንጣ በስልክ "ልተወው ይሆን" ያልሽውን ሰምታ ኖሯል። እኔ የሰማች አልመሰለኝም ነበር። ሐኪሙ ዘንድ የሄድን ቀን ማታ እራት ላይ "እማ የሚከብዳት ያ መብራት ነው?" አለችኝ። "አዎ" አልኳት። "እኔን እኮ አላመመኝም" አለች። ከዚያ አሰበችና "እሷ ስትማረው እኔን ታየኛለች?" አለችኝ። ታይሻለች አልኳት። ቃል ገብቼብሻለሁ፣ ታውቂዋለሽ።

በዚህ ፖስታ ውስጥ የተጣጠፈ ወረቀት ታገኛለሽ። እሷ የሠራችልሽ ሰሌዳ ነው። "እማ ሹካውን ስለምታውቀው ትሸመድደዋለች፣ ማንም የማያውቀው ሰሌዳ ያስፈልጋታል" ብላ ነው በፊደል የሠራችው፣ ከላይ ትልልቅ፣ ወደ ታች እያነሰ። ግድግዳ ላይ ለጥፈሽ፣ ራቅ ብለሽ ቆመሽ፣ አንዱን ዓይንሽን ሸፍነሽ እንድታነቢ ብላሻለች። እሑድ ስትደውዪ በስልክ ትፈትንሻለች። የላይኞቹን መስመሮች በሁለት ዓይኗ ነው የጻፈቻቸው። የመጨረሻዋን፣ ትንሿን መስመር ግን ቀኙን ሸፍና፣ በግራ ዓይኗ ብቻ ነው የጻፈቻት። አጠገቧ ቆሜአለሁ። አንዷን ፊደል ደጋግማ ሰረዘቻት፣ ላግዝሽ ብላት በክርኗ ገፋችኝ።

በይ የኔ ልጅ፣ ወረቀቱ አለቀብኝ። እጅሽን ፈጣሪ ያጽናልሽ። ያየሽው ይገለጥልሽ፣ የነካሽው ይዳንልሽ። የሰውን ልጅ ዓይን ስታበሪ ያንቺንም ልጅ ዓይን ያብራልሽ። እንጀራሽ ይባረክ፣ ክፉ አይንካሽ፣ በሰላም አገናኝቶን እኔም በዚህ መስመር በበዛበት ፊቴ አንቺን ለመሳም ያብቃኝ። ጉንጭሽን፣ ግንባርሽን፣ ሁለቱንም ዓይኖችሽን ሳምኩ።

ሁልጊዜም የምትወድሽ
እናትሽ

ማስታወሻ፦ መንገድ ላይ እርጥበት ነክቶት ቢደበዝዝ ብዬ የታችኛዋን መስመር እዚህ ገልብጬልሻለሁ። ስትጠይቅሽ ከሰሌዳው እንዳነበብሽ ሁኚ፤ አልናገርም ብዬ ምያለሁ።

ጨ ር ሰ ሽ ነ ይ